ምንጮቻችሁን በዝርዝር ጻፉ

ክፍሉ በሙሉ ሲስቅ ምን እንዳሳቃቸው ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነበርሁ። መምህር ጌታሁን ወረቀቴን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ ጮክ ብሎ ያነብ ነበር።

"አንደኛ፦ ጉንዳ ምንጭ። ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ምሥራቅ አራት መቶ ሃያ እርምጃ። ሁለተኛ፦ የሼህ ዳውድ ውሃ። ክረምት ከበጋ አይደርቅም፤ ጠዋት ጠዋት ይሞቃል።"

ሦስተኛው ላይ ሲደርስ እሱም ሳቁ አመለጠው።

ቀኑ ሰኞ ነበር። ከዚያ ሰኞ እስከ ዓርብ ያለውን ነው የምነግራችሁ። አምስት ቀን ሰውን ምን ያህል ይለውጠዋል የሚል ይኖራል። እኔም ያኔ ብጠየቅ እንደዚያው እል ነበር።

በመጀመሪያ ግን ያኔ ማን እንደነበርሁ ልንገራችሁ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከአቀስታ ወጣ ብሎ ካለ ብርዳም ቀበሌ ነው የመጣሁት። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ እናቴ አልጋ ላይ ዋለች። አባቴ ገና በሕፃንነቴ ስለሞተ ከእሷና ከእኔ ሌላ በቤቱ ሰው አልነበረም፤ ትምህርቱን ተውሁት። ከዚያ በኋላ ያለውን ብቻዬን ነው የተማርሁት፤ ከሰው በተዋስሁት መጽሐፍና በሬዲዮ። አስተማሪው እኔ፣ ተማሪው እኔ፣ ፈታኙም እኔ። የሚያርመኝ ሰው ስላልነበረ እያንዳንዱን ነገር ሦስት ሦስት ጊዜ መቁጠር ለመድሁ። ከደጃችን እስከ ወፍጮው ስንት እርምጃ እንደሆነ አሁንም ብትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ።

ሳነብ እናቴ አጠገቤ ጋደም ብላ ትሰማኝ ነበር። ማንበብ አትችልም። አንዳንድ ቀን ግን ፈገግ ትልና፣ "እኔም አንድ ጊዜ በወረቀት ላይ ተጽፌአለሁ" ትለኛለች። የቀበሌውን መዝገብ ይሆናል ብዬ አልጠየቅኋትም። አለመጠየቄ ዛሬም ይቆጨኛል።

በግል ተፈትኜ ውጤቴ ሲመጣ እሷ አልነበረችም። ቤቱን ቆልፌ ቁልፉን በኪሴ ይዤ መካነ ሰላም ወደሚገኝ አንድ ኮሌጅ ገባሁ። ወረቀት ሳስጨርስ ሁለት ሳምንት ዘገየሁ። ስደርስ የመኝታ ክፍሌ ልጆች ቀድመው ተዋውቀዋል፤ አልጋ መርጠዋል፤ ማን ከማን ጋር ምሳ እንደሚበላ ተለይቷል። ማንም ክፉ አልነበረም። ቦታ አልቆ ነበር እንጂ።

ሰው ብቻውን ቢቀመጥ የማያስገርምበት ቦታ ቤተ መጻሕፍት ብቻ ሆኖ አገኘሁት። መግቢያው አጠገብ መጻሕፍት የሚፈለጉበት አንድ ኮምፒውተር አለ። መጀመሪያ የነካሁት ዕለት ምን እንደምፈልግ ስላላወቅሁ የእናቴን ስም ጻፍሁ። አልጋነሽ ይመር። ኮምፒውተሩ ትንሽ አሰበና "ምንም አልተገኘም" አለኝ። ዙሪያዬን አየሁ፤ ያየኝ ሰው አልነበረም። አጥፍቼው ሄድሁ።

ወደ ሰኞው ልመልሳችሁ። የተሰጠን ሥራ እንዲህ የሚል ነበር፦ "ስለ ትውልድ አካባቢያችሁ አንድ ነገር መርጣችሁ ሦስት ገጽ ጻፉ። በመጨረሻው ገጽ ላይ ምንጮቻችሁን በዝርዝር ጻፉ።" እኔ የመረጥሁት ስለ ቀበሌያችን የመጠጥ ውሃ መጻፍ ነበር። ስለ ውሃ ለሚጽፍ ሰው "ምንጮችህን ዘርዝር" ቢሉት ሌላ ምን ይመጣለታል? ሰባቱን ምንጮች ከነርቀታቸው ዘረዘርሁ። እንዲያውም ከሥራው ሁሉ የኮራሁበት ያ ገጽ ነበር።

ለካ ሌሎቹ በሁለተኛው ሳምንት ቤተ መጻሕፍት ተወስደው፣ ምንጭ ማለት ያነበብከው መጽሐፍ ወይም የጠየቅከው ሰው ማለት እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚፈለግና እንዴት እንደሚጻፍ ሦስት ጊዜ ተምረዋል። እኔ ያኔ ገና አገሬ ነበርሁ።

"አሳታሚው ማነው?" አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

"እንቁራሪት ናታ!" አለ ሌላው።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የመለሰው ሰይድ ነበር፤ የአቀስታ ነጋዴ ልጅ፣ ቀልድ የማያልቅበት፣ ሁሉም አጠገቡ መቀመጥ የሚፈልግ ልጅ።

መምህር ጌታሁን እጁን አነሣና ዝም አሰኛቸው። "ይበቃል። ቃሉን በሌላ ፍቺው ወስዶታል፤ ይታረማል" አለ። ከዚያ ዓይኑ መጨረሻው መስመር ላይ ቆመ። "ሰባተኛ፦ ሀሙስ ውሃ። ከገበያው በታች፣ ከሾላው ሥር። አሁን የለም። ምን ማለት ነው 'አሁን የለም'?"

"ደርቋል" አልሁ።

"አይተኸዋል?"

"አላየሁትም።"

ሰይድ እጁን አወጣ። አሁን እየቀለደ አልነበረም። "መምህር፣ ያ ገበያ እኮ የአያቴ ሰፈር ነው። ክረምቱን እዚያ ነው የማሳልፈው። ሀሙስ ውሃ የሚባል ነገር ወላሂ ሰምቼ አላውቅም።"

መምህሩ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። "ማን ነገረህ ታዲያ?"

"እናቴ።"

"ደውልላትና ትንገረና!" አለ አንዱ።

"የለችም" አልሁ።

ያ ልጅ አንገቱን ደፋ። መምህር ጌታሁን ሲናገር ድምፁ ለስልሶ ነበር፤ የተናገረው ነገር ግን አልለሰለሰም። "ነፍሷን ይማረው። ግን ስማኝ። አንድ ሰው ብቻ ያለው፣ ሌላው የሚክደው ነገር፣ ወረቀት ላይ መስፈር የለበትም። ወይ ሰባተኛውን ሰርዘው፣ ወይ ከእናትህ ሌላ ማስረጃ አምጣ። እስከ ዓርብ። ሁለቱንም ካላደረግህ ዜሮ ነው የምሰጥህ።"

ያ ሥራ የትምህርቱን ውጤት ግማሽ ይይዝ ነበር። ዜሮ ማለት መውደቅ ነው።

መኝታ ክፍል ገብቼ እስክሪብቶ አወጣሁ። አንድ መስመር መሰረዝ ነው። ስድስቱ ምንጮች ይቀራሉ፤ ማንም አይጠይቀኝም። እስክሪብቶው ወረቀቱን ሲነካ ግን እጄ እምቢ አለኝ። እናቴ ልጅ ሳለች ገበያ ስትወርድ ከዚያ ውሃ ፊቷን ታጥባ፣ ጠጥታ፣ የእግሯን አቧራ አራግፋ ነበር ወደ ሰው የምትቀላቀለው። "ሐሙስ ውሃ ሲያዩት ወተት ነው" ትላለች። ከእሷ የወረስሁት አንድ ቤት፣ አንድ ቁልፍና እንዲህ ያለ ወሬ ብቻ ነው። ብሰርዘው ዋሽታለች ብዬ መፈረሜ መሰለኝ። አልሰርዝም ብዬ ወሰንሁ። ማስረጃውም ካልተገኘ ዓርብ ከሰዓት ቦርሳዬን ይዤ ወደ መናኸሪያ እወርዳለሁ። ቦርሳዬን ከአልጋው ሥር አወጣሁና ልብሴን አጣጥፌ ከተትሁ። የምሄደው ማንም ወደሌለበት ቤት ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ቤተ መጻሕፍቱ ሲከፈት በሩ ላይ ነበርሁ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ እትዬ ፈንታነሽ ትባላለች፤ የጎንደር ሰው ናት፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል፣ ዝምታ የምትወድ ሴት። እስከዚያ ቀን ከእሷ ጋር ከ"እንደምን አደሩ" በላይ ተነጋግረን አናውቅም። ኮምፒውተሩ ላይ "ሀሙስ ውሃ" ብዬ ጻፍሁ። ምንም አልተገኘም። ደግሜ ጻፍሁ። ምንም አልተገኘም። ለሦስተኛ ጊዜ ስጽፍ ከኋላዬ መጥታ ቆማለች።

"ያንኑ ደጋግመህ ብትጠይቀው ያንኑ ደጋግሞ ይመልስልሃል" አለችኝ። "ምንድነው የጠፋብህ?"

ሁሉንም ነገርኋት። ስለ እንቁራሪቷ ስነግራት ከንፈሯን ነከሰች፤ ግን አልሳቀችም።

"ማስተማሪያው ላይ አልነበርክም ማለት ነው" አለች። "ተቀመጥ። እኔ ለሌሎቹ የነገርኋቸውን ነው የምነግርህ። ግማሾቹ እያንቀላፉ ነበር የሰሙት፤ አንተ እንደነሱ አትሁን።"

ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ኮምፒውተር ዓይን እንጂ ጆሮ የለውም። አንተ ሐሙስ ስትለኝ እኔ እሰማሃለሁ፤ በየትኛው 'ሀ' እንደጻፍከው ግድ የለኝም። እሱ ግን የሚያየው ቅርጹን ነው። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ለእሱ ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። 'ውሃ' ደግሞ የባሰበት ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ስትፈልግ 'እኔ ምን እለዋለሁ' ብለህ አትጀምር። 'ሌላው ሰው ምን ይለዋል' በል። ይህቺን ጻፋት።"

ጻፍኋት። ከዚያ ወረቀት አስምሬ ሠንጠረዥ ሠራሁ። ሐሙስን በአራት መንገድ፣ ውሃን በአራት መንገድ። ዐሥራ ስድስት። እትዬ ፈንታነሽ ሠንጠረዡን አይታ መነጽሯን አወለቀች። "ሃያ ዓመት ስሠራ እንዲህ ያደረገ ተማሪ አላየሁም" አለች። ማመስገኗ ይሁን ማዘኗ አልገባኝም።

አንድ በአንድ ጻፍሁ፤ በእያንዳንዱ ትይዩ ዜሮ አኖርሁ። አንደኛው ረድፍ አለቀ፤ ሁለተኛው አለቀ። ዘጠነኛው ዜሮ። ዐሥረኛው ዜሮ። ዐሥራ አንደኛው "ሃሙስ ውሀ" የሚለው ነበር፤ እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብሁም። ኮምፒውተሩ አሰበ። "አንድ ውጤት ተገኝቷል።"

"እትዬ!" አልሁ፤ ቤተ መጻሕፍት መሆኑንም ረሳሁ።

መጥታ አየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። "በስመ አብ! ይሄ እኮ የእኔ ጽሕፈት ነው። እኔ ነኝ ያስገባሁት! እንዲህ ብዬ ጽፌ ነው ሰውን ሳስተምር የምውለው?"

መዝገቡ ላይ ያለው የአንድ የቆየ ጥናት ርዕስ ነበር፤ የአካባቢው ጥንታዊ የመጠጥ ውሃዎች ቅኝት፣ በታይፕ የተጻፈ፤ ከሥሩ የውሃዎቹ ስም ተዘርዝሯል። ቦታው፦ ዕቃ ቤት፣ ካርቶን ዐሥራ አራት።

"እንሂድ" አልሁ ተነሥቼ።

"የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የያዘው ሰው ለቅሶ ሄዷል። ሐሙስ ነው የሚመለሰው።"

ረቡዕን እንዴት እንዳሳለፍሁት በዝርዝር አልነግራችሁም፤ የሚነገር ነገር ስለሌለበት። ክፍል ገባሁ። ሰይድ በአጠገቤ ሲያልፍ፣ "ምነው ወንድሜ፣ ውሃው ተገኘ?" አለኝ። ጓደኞቹ ሳቁ። ከሰዓት ከከተማው ወጥቼ ነፋሱ ከሜዳው ወደሚመጣበት አቅጣጫ ሄድሁ፤ ሁለት ሺህ እርምጃ ሄጄ ተመለስሁ። በዚያ መንገድ ሁሉ የተናገርሁት አንድ ቃል ቢኖር ላሞች ለሚነዱ ሽማግሌ "እንደምን ዋሉ" ያልሁት ነው። እሳቸው፣ "አልሐምዱሊላህ፣ እንደምን ዋልክ ልጄ" ብለው ቆም አሉ፤ ሌላ ነገር የምናገር መስሏቸው ጠበቁኝ። አንገቴን ዝቅ አድርጌ አለፍኋቸው።

ሐሙስ በአራት ሰዓት ዕቃ ቤቱ ተከፈተ። የተሰባበሩ ወንበሮች፣ አሮጌ የፈተና ወረቀት፣ ካርቶኖች። ዐሥራ ሦስት አለ። ዐሥራ አምስት አለ። ዐሥራ አራት የለም።

"ተበልቶ ይሆናል" አለች እትዬ ፈንታነሽ አይጥ የቀረጠፈውን ወረቀት እያሳየችኝ። ፊቷ ከእኔ ይልቅ የከፋው ነበር።

ካርቶኖቹን ሁሉ አንድ በአንድ ወደ ደጅ አወጣን። ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀብን። መጨረሻ ላይ ቁጥሩ የተበላ አንድ ካርቶን ከወንበሮቹ ሥር ተገኘ። ከላይ ሦስተኛ ሆኖ ጥናቱ አለ። ገጹ ቢጫ ሆኗል፤ የታይፑ ቀለም ደብዝዟል። እዚያው ደፉ ላይ ተቀምጬ ገለጥሁት። ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ፦

"ሃሙስ ውሀ። ከገበያው በታች ከሾላ ዛፍ ሥር ይፈልቅ የነበረ። ወደ ገበያ የሚወርዱ ሰዎች ይታጠቡበትና ይጠጡት እንደነበር ተነግሯል። በአሁኑ ጊዜ ምልክቱ አይታይም።"

አነበብሁት። ደግሜ አነበብሁት። "አለ" አልኋት። "እትዬ፣ አለ፤ አልዋሸችም።"

"እንኳን ደስ ያለህ" አለችና ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። "አሁን ምንጩን በትክክል ጻፍ። ደራሲ፣ ርዕስ፣ ዓመት፣ ገጽ። የግርጌ ማስታወሻ ካለውም እይ፤ ሰውዬው ከየት እንዳገኘው ማየት የአንባቢ ግዴታ ነው።"

ከመስመሩ መጨረሻ አንዲት ትንሽ ቁጥር ነበረች። ወደ ገጹ ግርጌ ወረድሁ።

"መረጃ ሰጪ፦ ወይዘሮ አልጋነሽ ይመር።"

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ስድስት ዓመት ገደማ ሆኖኝ ነበር። ቦርሳ ያንጠለጠለ ሰው ደጃችን ተቀምጦ ቆሎ እየቆረጠመ ደብተር ላይ ይጽፋል። "ስምዎ ማን ነው?" ይላታል። "የአበባው እናት በለኝ" ትለዋለች። አገሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠራት። "የለም፣ የራስዎን ስም፣ ከነአባትዎ" ይላታል። እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። ስሟን ስትናገር የሌላ ሰው ስም የምትናገር ይመስል ነበር።

በወረቀት ላይ ተጽፌአለሁ ያለችኝ ይኸን ነበር።

እትዬ ፈንታነሽ፣ "ምን ሆንክ?" አለችኝ።

"እናቴ ናት።"

መነጽሯን አደረገች፣ ግርጌውን አነበበች፣ መነጽሯን አወለቀች። ከዚያ በቀስታ፣ "የተባልከው ከእናትህ ሌላ ማስረጃ ነው" አለች።

"መጽሐፉ ሌላ ነው እኮ።"

"ልጄ፣ ከአንድ ምንጭ ሁለት ቱቦ ቢወጣ ሁለት ምንጭ አይባልም።"

ተናደድሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቅ ሰው ላይ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። "ታዲያ ግርጌውን ማን ያያል? ገጽ ሠላሳ አንድን ብቻ ብጽፍ መምህሩ አይጦች መሀል ገብቶ ይፈልጋል?"

"አይፈልግም" አለች። "ማንም አይፈልግም። አንተ ግን አይተኸዋል።"

ካርቶኖቹን እየተጋገዝን መለስን። ያን ዕለት ከሰዓት ወረቀቴን ሁለት ጊዜ ጻፍሁት። አንዱ ላይ ጥናቱን ብቻ ጠቀስሁ፤ ያማረ ነበር። ሌላው ላይ ጥናቱን ጠቀስሁና ከሥሩ እንዲህ ብዬ ጨመርሁ፦ "የዚህ ጥናት መረጃ ሰጪ የጸሐፊው እናት ስለሆነች ሁለቱ አንድ ምንጭ ናቸው።" ሁለቱንም ደብተሬ ውስጥ አስቀመጥሁ። ቦርሳዬ እንደታሰረ ነበር።

ዓርብ ክፍል ስገባ የትኛውን እንደምሰጥ ገና አልወሰንሁም። መምህር ጌታሁን፣ "አበባው፣ ምን አመጣህ?" ሲለኝ ተነሣሁ። ሁለቱን ወረቀቶች አየሁ። እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ስትስቅ ታየችኝ። ስሟን ግርጌ ላይ ያገኘው ልጇ ደብቆ ቢያሳልፈው፣ ያ ሰው ስሟን ከነአባቷ ያስጠራት ለምን ነበር?

ሁለተኛውን ወረቀት አነበብሁ፤ መጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ጨምሬ። "ስለዚህ መምህር፣ የተባልሁትን አላመጣሁም። ያለኝ አንድ ምንጭ ብቻ ነው። እሱንም አልሰርዘውም" አልሁና ተቀመጥሁ።

የሳቀ አልነበረም። መምህሩ መስኮቱን ይመለከት ነበር። ዜሮውን ለመጻፍ አፍሮ ነው ብዬ አሰብሁ።

"ቆይ ቆይ" አለ ሰይድ። "ሾላው ግንዱ ለሁለት የተከፈለ ነው?"

"እናቴ እንደዚያ ትለኝ ነበር።"

"ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ? ሰው የሚቀመጥበት?"

"እግር የሚታጠቡበት ድንጋይ ነው ያለችኝ።"

ሰይድ ከወንበሩ ተነሣ። "ኧረ ሰውዬ! ያ እኮ ኸሚስ ውሃ ነው! አያቴ ነጋ ጠባ 'ኸሚስ ውሃ ዘንድ፣ ኸሚስ ውሃ ዘንድ' ትላለች። እኔ ሰፈሩን የምትጠራ ነበር የሚመስለኝ፤ አንድም ቀን ውሃ አላየሁበትም!"

ያላወቃችሁ ካላችሁ፣ በእኛ አገር ሙስሊሞቹ ሐሙስን ኸሚስ የሚሉ አሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርሁት ቃል ነው። ሠንጠረዡ ላይ ዐሥራ ስድስት ጊዜ ስጽፍ ግን በ"ኸ" የሚጀምር አንድም አልነበረበትም። ሌላው ሰው ምን ይለዋል የሚለውን በደብተሬ ጽፌ፣ ሌላው ሰው ማለት በሌላ ፊደል የሚጽፍ እኔ ማለት አድርጌው ነበር።

"መምህር፣ ልደውልላት?" አለ ሰይድ፤ መልስ ሳይጠብቅ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገው።

"አሎ! ማነህ?" የሚል የአያቱ ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

"እማ፣ ሰይድ ነኝ።"

"ሰይዴ! ምነው በዚህ ሰዓት፣ ደኅና ነህ? ከትምህርት አባረሩህ እንዴ?"

ክፍሉ ሳቀ። ሰይድም ሳቀ። "ኧረ አብሽሪ! እማ፣ ኸሚስ ውሃ ውሃ ነበረው?"

"ምን ያለ ጥያቄ ነው? ስሙ ውሃ እየተባለ ውሃ የሌለው ምን አለ? ወተት የመሰለ ውሃ ነበር እንጂ! በኸሚስ ገበያ ስንወርድ እስላሙም ክርስቲያኑም እግሩን ያን ድንጋይ ላይ አድርጎ ነበር የሚታጠበው።"

"ታዲያ ምን ዋጠው?"

"መንገድ ሲቀዱ አፈሩን ደፉበታ! ይብላኝ ለደፉት። ሰይዴ፣ ምሳ በላህ?"

ወተት የመሰለ። እናቴ ያለችውን ቃል ከማላውቃት ሴት አፍ ሰማሁት። ማልቀሴን እንዳያዩ ጎንበስ ብዬ ጻፍሁ። አንድ ነገር ግን ይለያል፤ እናቴ ድርቅ አደረቀው ነበር የምትለው፣ የሰይድ አያት ደግሞ አፈር ደፉበት ነው የሚሉት። ሁለቱንም ጻፍሁ። ሁለት የተለያዩ ሰዎች መሆናቸውን ከምንም በላይ ያስረዳኝ ያ ልዩነት ነው።

መምህር ጌታሁን ወረቀቴን ተቀበለኝ። ዜሮ አልሰጠኝም። ከሁሉ የበለጠውንም ነጥብ አልሰጠኝም፤ ስድስቱ ምንጮች ላይ ማን እንደነገረኝ አልጻፍሁም ነበርና ቀነሰብኝ። ትክክል ነበር። ስንወጣ ሰይድ ደረጃው ላይ ጠበቀኝና፣ "እኔ እኮ የለም ያልሁት የምሬን ነው" አለኝ። "አውቃለሁ" አልሁት። ምሳ አብረን በላን። ብዙ አላወራንም፤ እሱ አወራ፣ እኔ ሰማሁ። ማታ ከመተኛቴ በፊት ቦርሳዬን ፈታሁ።

አንባቢዎቼ፣ ይህን የጻፍሁት ሁሉም ደስ ብሎት አለቀ ለማለት አይደለም። ዛሬም ብዙ ጊዜ ብቻዬን ነኝ፤ ጠባዬ ነው። ያን ዓርብ ከምንም በላይ የፈለግሁት ለእናቴ መንገር ነበር፤ "ስምሽን አገኘሁት፣ ገጽ ሠላሳ አንድ" ብዬ። የሚነገረው ሰው የሌለበት ደስታ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። ቀድሞ ብቻዬን ስለተማርሁ ሁሉን ከራሴ ያገኘሁት ይመስለኝ ነበር። ምንጭ ጥቀስ የሚሉት ሰውን ለመጠርጠር ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን፣ ከእኔ በኋላ የሚመጣ ሰው ውሃው ወደነበረበት እንዲደርስ መንገዱን ማሳየት እንደሆነ ገብቶኛል። እባካችሁ፣ አንድ ነገር የነገራችሁ ሰው በሕይወት ካለ ስሙን ከነአባቱ ጠይቁት። "የእገሌ እናት" ብትላችሁም እሺ አትበሉ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እትዬ ፈንታነሽ ጠራችኝ። ጽሑፌን ከመምህሩ ተቀብላ መዝገብ ውስጥ አስገብታዋለች። የራሷን የድሮ መዝገብም አርማዋለች፤ "ሐሙስ ውሃ" ብሎ የፈለገም "ኸሚስ ውሃ" ብሎ የፈለገም አንድ ቦታ እንዲደርስ አድርጋለች። "የመረጃ ሰጪዎችንም ስም ጨምሬአለሁ" አለችኝና ወደ ሥራዋ ዞረች።

ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥሁ። እንደ መጀመሪያው ዕለት ዙሪያዬን አላየሁም። አልጋነሽ ይመር ብዬ ጻፍሁ። ትንሽ አሰበ።

"ሁለት ውጤት ተገኝቷል።"